ባዶ የሚተውት ጋቢና

አጎቴ የባሌን የገጠር ጤና ጣቢያዎች በኃላፊነት ሲመሩ በቢሮው መኪና ጋቢና ተቀምጠው አያውቁም። ከጎባ ደሎ መና ወርደው እስኪመለሱ ቦታቸው ከሾፌሩ ጀርባ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰው እኮ አለቃው እኔ እመስለዋለሁ» ይላቸው ነበር ሾፌሩ እየሳቀ።

«ምሰል! መንገድ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ብናገኝ ከኋላ ተጣጥፋ ትቀመጥ?»

አብሬያቸው የሄድኩት ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ጋቢናው ባዶውን ጎባ ደረሰ። እሳቸው ግን ከመውረዳቸው በፊት ወንበሩን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «ተመስገን፣ ዛሬ የታመመ አላገኘንም» ይሉ ነበር።

ጎባ ከቀበርናቸው በኋላ ሾፌሩ ወደ ሮቤ ሊያደርሰኝ መጣ። «ከፊት ግባ» አለኝ። አልቻልኩም። ከኋላ ገባሁ፤ የእሳቸውን ቦታም ትቼ ሌላው ጥግ ተቀመጥኩ። ከተማውን እንደወጣን አንዲት እናት ትኩሳት ያቃጠለው ልጇን ታቅፋ እጇን አነሳች። ሾፌሩ የጋቢናውን በር ከፈተላት።

«ገለቶሚ» አለችውና አመስግና ገባች። ሾፌሩ መኪናውን ወደ ጎባ ሆስፒታል መለሰው።

እናትየው ከወረደች በኋላ ሾፌሩ እንደ ልማዱ ፊቱን ሳያዞር፣ «እንቀጥል ጋሼ?» አለ።

ሁለታችንም መልስ ጠበቅን።