በጆንያው አፍ የቀረችው ግማሽ አበባ

ትናንት ከዶካ ከተማ የመጣ ሎሪ ገዳሪፍ እህል ገበያ ሲራገፍ፣ የአሮጌ ጆንያና የሰሊጥ ሽታ ከአቧራው ጋር ተደባልቆ ቢያውደኝ ዞር አልኩ፤ አንዱ ጆንያ አፉ ጥግ ላይ በቀይ ክር የተሰፋች ግማሽ አበባ ይዟል። ቀይ ክሩ መሃል ላይ ተቋርጦ ቀሪው በተራ ሲባጎ ተሰፍቷል። ደስታዬ ሊያስጮኸኝ ምንም አልቀረውም፤ የኻልቲ ዘሃራ እጅ ናት።

የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ እዚህ ሱዳን ያደግን ልጆች አክስትን በአረብኛ ኻልቲ ነው የምንለው። ጧት ክሊኒክ ሄዳ ከቁረይሻ እርሻ ታመው ለሚመጡ ያገራችን ሰዎች ታስተረጉም ነበር፤ ከሰዓት ገበያው ዳር ካለው የሣር ጥላ ሥር ተቀምጣ የጆንያ አፍ ትሰፋ ነበር፤ ሠርግ ሲኖር ደግሞ ለሙሽሮች ሂና ትስል ነበር። የዘሃራ ሥራ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋት እናቴ የትኛዋ ዘሃራ ትል ነበር።

ብዙዎቹ ተሸካሚዎች ማንበብ ስለማይችሉ የነጋዴዎቹ ጆንያ እየተደባለቀ ጠብ አይጠፋም ነበር። ኻልቲ ታዲያ ለአንዱ የሂና አበባ፣ ለሌላው ቅጠል፣ ለሌላው ጨረቃ እያደረገች ትሰፋላቸው ጀመር። ተሸካሚዎቹ ሰሊጡ ሊዳር ነው እያሉ ሲሥቁባት ከረሙ፤ ጠቡ ግን ቀረ። የሱዳኑ ጦርነት ትምህርት ቤታችንን በዘጋው ዓመት እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ስፌቱን ተማርኩ፤ የእኔ አበባ ምን ብለፋ ጎመን ይመስል ነበር፤ እሷም ጎመንሽን አምጪ እያለች ታርምልኝ ነበር።

ሀጂ የምንለው ነጋዴ ይህን አይቶ መጋዘኑ ውስጥ ቋሚ ሥራ ሊሰጣት ጠራት።

«ዘሃራ ልጄ፣ ጆንያውን ከያዝሽ ጆንያውን ብቻ ያዢ። ሎሪ ቆሞ አይጠብቅሽም።»

ኻልቲ የመኖሪያ ወረቀት አልነበራትም። ፖሊስ ሲመጣ የእኔ ሠራተኛ ናት የሚል ሰው ማግኘት ለእሷ ከደመወዙም ይበልጥ ነበር። እሺ አለች። ክሊኒኩንም ሙሽሮቹንም ተወች፤ ሂናው ከጣቶቿ ሲለቅ ወሬዋም አብሮ የቀነሰ መሰለኝ።

አንድ ቀን ሎሪው ተጭኖ ሊያልቅ ሲል ከክሊኒኩ ሰው እየሮጠ መጣ። ከቁረይሻ የመጣች ሴት ምጥ ጠንቶባታል፣ ከአማርኛ ሌላ አታውቅም፣ ሐኪሙም የምትለው አልገባውም። ኻልቲ የጀመረችውን አበባ ከግማሽ ሳታሳልፍ መርፌውን ክሩ እንዳለ ጆንያው ላይ ሰክታ ተነሣች። ሀጂስ ብዬ እጇን ያዝኩ።

«ሀጂ ሌላ ሰፊ ያገኛል። እሷ ግን ዛሬ ከእኔ በቀር የሚናገርላት የላትም።»

ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች። ኻልቲ ፊቷ በርቶ ስትመለስ ጆንያዎቹ በሲባጎ ተሰፍተው፣ ሎሪው ሄዶ፣ ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘች። ሀጂ አልተቆጣም፤ ቀና ብሎም አላያት። ብዙም ሳይቆይ አፈሳ ተጀመረ፤ የእኔ ናት የሚላት ሰው ጠፋ፤ አንድ ማለዳ ወደ ዶካ በሚሄድ ሎሪ ላይ ተሳፍራ ሄደች። ስልኳ ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

አሁን ገበያው ውስጥ ጆንያ ሁሉ በአንድ ዓይነት ሲባጎ ይሰፋል፤ ተሸካሚዎቹም እንደ ድሮው ይጣላሉ፤ ሰሊጥ ሲዳር አይቶ የሚሥቅ ሰው የለም። እኔ ጧት ክሊኒክ አስተረጉማለሁ፤ ከሰዓት የሰፈሩን ሕፃናት ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ሲመሽ ደግሞ ይህን እጽፋለሁ። እናቴ አንዱን ያዢ እያለች ትለምነኛለች፤ የምትፈራውን ስለማውቅ አልከራከራትም።

ትናንት የሎሪውን ሾፌር ያንን ጆንያ ማን እንደሰፋው ጠየቅሁት፤ አያውቅም። ስፌቱ ትኩስ ይሁን ያን ቀን ጀምራ የተወችው መለየት አልቻልኩም። ባዶ ጆንያዎቹ ግን ወደ ዶካ እንደሚመለሱ ነገረኝ። መርፌና ቀይ ክር ለምኜ ሲባጎውን ፈታሁና የቀረውን ግማሽ ሰፋሁበት።

አሁንም ጎመን ይመስላል። ካየችው ታውቀዋለች።