አምስት ባልዲ አፈር

አፈር ሳላሸት አላምንም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ከረጢት ላይ የተጻፈ ደችኛ አንብቤ ለመጨረስ መነጽርና ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። አፍንጫዬን ግን ማንም አላዋቂ ሊለው አይችልም። እርጥብ አፈር ሲሸተኝ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ይከደናል፤ የት እንዳለሁም ለጥቂት ጊዜ ይጠፋኛል።

የምኖረው ዘ ሄግ፣ ትራንስቫል ውስጥ ነው፤ አንደኛ ፎቅ ላይ። ከሥሬ አንድ ሽማግሌ ሆላንዳዊ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሮተርዳም ወደብ ላይ መርከብ ሲበይዱ ኖረው ጉልበታቸውን እዚያው ትተውት መጥተዋል። እሳቸው እኔን «ቡርፍራው» ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ «ቡርማን» እላቸዋለሁ። ጎረቤት፣ ጎረቤት መባባል ነው። በሰባት ዓመት ሌላ ስም አላስፈለገንም።

ከቤታቸው ጀርባ ትንሽ ግቢ አለቻቸው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር አምስት ጥቁር ባልዲ ይደረድራሉ፤ በየባልዲው አንዳንድ የካናቢስ ችግኝ። ስድስት አያደርጉም። የዚህ አገር ሕግ እንደ ደግ አማት ነው፤ ተፈቅዷል አይልም፣ ግን ለራስህ እስከ አምስት ካበቀልክ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ሳውቅ ለአንድ ወር ሰላምታ ነፍጌአቸው ነበር። ወደዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት ነበር የምኖረው፤ ያ ሽታ ከሚወጣበት ሱቅ ፊት ለፊት ሳልፍ በሻርፕ አፍንጫዬን ሸፍኜ አማትብ ነበር። ታዲያ አንድ የክረምት ከሰዓት ጎረቤቴ የዳቦ ከረጢት ይዘው የውጪውን ሦስት ደረጃ ሲወጡ አየኋቸው። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቁጭ ይሉ ነበር። አበባውን አድርቀው በዘይት እንደሚያሞቁት፣ ከመተኛታቸው በፊት ጥቂት ጠብታ እንደሚወስዱ፣ ያለዚያ ቁርጥማቱ እንደማያስተኛቸው፣ ሐኪማቸውም እንደሚያውቅ ያን ቀን ነገሩኝ። ፈራጅ ማን አደረገኝ? ሰላምታዬን መለስኩ።

ልጄ ግን መቀራረባችንን አልወደደችውም። ራይስዋይክ ነው የምትኖረው፤ በየቤቱ እየዞረች አረጋውያንን ታጥባለች፣ ቶይስዞርግ የሚሉት ሥራ ነው።

«እማዬ፣ ደግሞ የሐሺሽ ዘበኛ ሆንሽልኝ?»

«ዘበኛ አይደለሁም። ጎረቤት ነኝ።»

«ቤተ ክርስቲያን ቢሰሙሽስ?»

«ይስሙ። በበዓል ጠላውን የሚገለብጠው ሁሉ እዚያው አይደል የሚያስቀድሰው?»

ጎረቤቴ አፈር ሲያዘጋጁ ማየት እወድ ነበር። ዝቅተኛ ወንበር አውጥተውልኝ እጄን ባልዲው ውስጥ እንድከት ይጋብዙኛል። አፈራቸው ልል ነው፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ፤ በመሃሉ እንደ ፈንዲሻ የቀለሉ ነጫጭ ጠጠሮች አሉበት። «ሥር ካልተነፈሰ አይበላም» ይሉኛል። «ለችግኝ ደግሞ ብዙ ምግብ አይሰጥም፤ ሕፃን ጥብስ አይበላም።» እኔ ያደግሁት ዋልካ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ጫማ የሚያወልቅ አፈር። «ይሄ ፍራሽ እንጂ አፈር አይደለም» ብዬ ስቄባቸዋለሁ። እሳቸውም ይስቃሉ፤ ጨብጠው ያዩታል፣ ይለቁታል፤ ሲለቁት ተመልሶ ይነሳል። አንዳንድ ቀን ይህን ስናደርግ አንድም ቃል ሳንለዋወጥ ይመሻል።

አንድ ሐምሌ ሮተርዳም ውስጥ ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ሊደረጉ ሆነ። ከዚያ በኋላ እዚያው እህታቸው ቤት ሁለት ሳምንት ያርፋሉ። የግቢውን በር ቁልፍ በሰማያዊ ገመድ አንጠልጥለው ሰጡኝ።

«ውሃ ብቻ፣ ቡርፍራው።»

«ውሃ ብቻ» አልኩ።

የዚህ አገር የሐምሌ ምሽት ማለቂያ የለውም። ፀሐይዋ ትሄዳለች፣ ብርሃኗ ግን መሄድ እንደ ረሳ እንግዳ ደጅ ላይ ይቆማል። ውሃዬን አጠጥቼ በዝቅተኛው ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ቅጠሎቹን ሲነካቸው የሚያሰሙት ድምፅ ሰው ጆሮ ውስጥ እንደሚያንሾካሹክ ነው። ሸለብ ሲያደርገኝ ሁልጊዜ የእናቴን ጓሮ አያለሁ። እናቴ በየጠዋቱ የምድጃውን አመድና የዶሮውን ቤት ጥራጊ እዚያ ትደፋለች። ለቤት የቀረበው ጎመን ከሩቁ ይረዝማል፣ ዱባው በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይተኛል፤ እኔም በቅጠሉ ጥላ ሥር ትንሽ ሆኜ ተኝቻለሁ።

በስድስተኛው ቀን ዓይኔን ስገልጥ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው አየሁ።

ራባቸው፣ አልኩ። ሌላ ነገር አላሰብኩም። የተራበ አይቶ ዝም ማለት አልተማርኩም። ሰውየው ሲመለሱ ተክላቸው በአንድ ክንድ ጨምሮ ቢያገኙት የሚሉት ሁሉ ታየኝ። በማግስቱ ሕፃናት ፍየል ወደሚደባብሱበት ወደ ኪንደርቡርደራይ ሄጄ የዶሮ ኩስ ለመንኩ። ሠራተኛው እየሳቀ አንድ ከረጢት ሞላልኝ፣ «መጀመሪያ ይረፍ» አለኝ። ይሄ ለእኔ የሚነገር ነው? እናቴ እንኳ ብዛት ያለውን ከምራ ዝናብ ሳያልፍበት አትነካውም ነበር። ግን ዝናብ የለም፣ ጊዜም የለም፤ ሰውየው ሊመጡ ነው። ከዚያ ዞይደርፓርክ መናፈሻ ገብቼ፣ እሑድ ሥጋ የጠበሱ ሰዎች የተዉትን አመድ በእርጎ ባልዲ ሰበሰብኩ። በየባልዲው ሁለት ሁለት እፍኝ ደባለቅሁ። እየዘመርኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጫፍ ቡናማ ሆነ። በአምስተኛው እንደ አሮጊት ጥፍር ወደ ታች ታጠፉ። ጎረቤቴ በሁለት ምርኩዝ ሲመለሱ ሦስቱ ደርቀዋል፤ የቀሩት ሁለቱም የቆሙት ለይስሙላ ነበር።

አንዱን ምርኩዝ ግድግዳው ላይ አስደግፈው የደረቀውን ቅጠል በጣታቸው ፈረፈሩት። ምን አደረግሽ ቢሉኝ እነግራቸው ነበር፤ ቢያንስ ለራሴ እንደዚያ እላለሁ። እሳቸው ግን አልጠየቁኝም።

«ያቺ ባለሱቅ ሴትዮ መጥፎ አፈር ሸጠችልኝ» አሉ። «አታለለችኝ።»

አልዋሸሁም፣ ዝም ነው ያልኩት፣ እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

ጎረቤቴ ግን ዝም አልቻሉም። ደጃችን ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ለሚቀመጠው ሁሉ ስለ ሱቁ ተናገሩ። ሁለት ሴቶች ከእንግዲህ እዚያ አንገዛም አሉ፤ በጆሮዬ ሰማሁ። ገበያ ላይ ሚዛን የሚጫን ጣት ሳይ፣ ጣቱ እስኪነሳ ወረፋውን ገትሬ የምቆም ሴት ነኝ። ቤት አከራዮቹ ቢሮ ሄጄ ለማላውቃት ሴት መብት ጮኼ አውቃለሁ። ዘጠኝ ቀን ግን አፌን ዘጋሁ። ጠዋት ጠዋት ጎረቤቴ በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው እንቅልፍ እንዳልቀመሰ ያስታውቅ ነበር።

ለልጄ ነገርኳት። መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመች።

«ንገሪያቸው።»

«እግራቸው ይዳን እስቲ።»

«እማዬ፣ በልጅነቴ ለሰበርኳት አንዲት ብርጭቆ ጎረቤት ቤት ድረስ ጎትተሽ ይቅርታ ያስጠየቅሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ተነስቼ የቡናውን ስኒ ማጠብ ጀመርኩ።

በአሥረኛው ቀን ጎረቤቴ ወደ ሱቁ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ሁለቱ እጃቸው በምርኩዝ ተይዟል፤ ከሞተው ባልዲ የተዘገነውን አፈር የሚይዝላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ትራም ላይ ከረጢቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ትሞቃለች። በመስኮቱ ዛፎቹና ቦዩ፣ ብስክሌቶቹም በዝግታ ያልፋሉ፤ እኔ ደግሞ የገዛ ጥፋቴን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተንሳፍፌ የምሄድ መሰለኝ። መንገዱ ባያልቅ እወድ ነበር።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ እስከ ጣሪያው የአፈር ከረጢት ተደርድሯል፣ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። ሻጯ የልጄ እኩያ ትሆናለች፤ ጣቶቿ ላይ የብር ቀለበት፣ ጥፍሯ ሥር አፈር። ሦስት ሰው ወረፋ ይዟል።

«የሸጥሽልኝ አፈር ሦስት ተክል ገደለብኝ!» አሉ ጎረቤቴ፣ ገና በሩ ሳይዘጋ።

ሻጯ ከረጢቷን ከእጄ ተቀበለች፤ ከፈተች፤ እንደ እኔ አሸተተች። ያኔ ወደድኳት።

«አፈሩ የእኔ ነው» አለች። «ግን ብቻውን አይደለም። ዶሮ ይሸታል።»

«እኔ ዶሮ የለኝም! ከተማ ውስጥ ነው የምኖረው!»

«አመድም አለበት።»

«ምድጃ እንኳ የለኝም፣ ሴትዮ! አፈርሽ አርጅቷል በይ!»

ከወረፋው አንዱ ሰውዬ የያዘውን ከረጢት ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰው። ሻጯ አየችው። ትከሻዋ ሲወርድ እኔም አየሁ።

«እሺ ጌታዬ፣ ጭቅጭቁ ይብቃ። አዲስ ከረጢት በነፃ ይውሰዱ» ብላ ልታነሳ ጎንበስ አለች።

ያላጠፋች ሴት ልትክስ ጎንበስ ስትል ማየት አልቻልኩም።

«ተይው!» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። «ዶሮውም የእኔ ነው፣ አመዱም የእኔ ነው።»

ጎረቤቴ በምርኩዛቸው ላይ ቀስ ብለው ዞሩ።

«አንቺ?»

«እኔ።»

«ውሃ ብቻ ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«የራባቸው መስሎኝ።»

ከረጢቱን ወደመለሰው ሰውዬ ዞርኩ። «አንተ፣ አንሳው። አፈሯ ንጹሕ ነው።» አነሳው። ያመነኝ ይሁን የፈራኝ አላውቅም።

ሻጯ ኩሱ ስንት ቀን እንዳረፈ ጠየቀችኝ። አንድም ቀን እንዳላረፈ ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች፤ ግን አልቀለደችብኝም። አመድና ኩስ ክፉ እንዳልሆኑ፣ ሜዳ ላይ ዝናቡ እያጠበው፣ ጥልቁ አፈር እየተቀበለው ለጎመን እንደሚስማማ ነገረችኝ። ባልዲ ውስጥ ግን ኃይሉ መሄጃ የለውም፤ ሥሩ ላይ ተቀምጦ ያቃጥለዋል። የታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆኑም ብዙ ጊዜ እርጅና እንጂ ረሃብ እንዳልሆነ ነገረችኝ። የቀሩትን ሁለቱን ከሥር የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ማጠብ፣ አዲስ ቅጠል እስኪያወጡም ምንም አለመመገብ። ስታስረዳኝ እናቴ ታወሰችኝ። ለካ ስታዳብር የኖረችው ከሥሩ ሌላ አፈር፣ ከዚያም ሥር ሌላ አፈር ያለውን ነው። መሬት ይታገሳል፤ ባልዲ አይታገስም።

ስንመለስ ጎረቤቴ ትራሙ ላይ ከእኔ አንድ ወንበር ርቀው ተቀመጡ። ደጃችን ስንደርስ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን።»

ሰማያዊውን ገመድ ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው። በዚያው አግዳሚ ወንበሩ ጋ ሄጄ ለእያንዳንዱ ጎረቤት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተናገርኩ። ሁለቱን ሴቶች ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው።

ከማግስቱ ጀምሮ በየከሰዓቱ የግቢውን በር አንኳኳለሁ። እሳቸው ከፍተውልኝ ሳይናገሩ ይቀመጣሉ። ውሃ እያመላለስኩ አፈሰስኩ። መጀመሪያ ከሥር የወጣው እንደ ጥቁር ሻይ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን እንደ ብርዝ፤ በአራተኛው በውስጡ ሰማይ ታየ። ነሐሴ ሲጋመስ በአንደኛው ጫፍ ላይ እንደ ሕፃን ጆሮ የሳሳ ቅጠል ወጣ። ሁለታችንም አየነው።

ሁለቱ ተክል አበበ፤ ግን ሁለት አምስት አይሆንም። በዚያ ክረምት ጠብታውን የሚወስዱት ቁርጥማቱ ሲብስባቸው ብቻ ነበር። ይህን ማንም አልመለሰላቸውም፤ እኔም አልመለስኩላቸውም።

የሦስቱን ባልዲ አፈር ከደጃችን የንጣፍ ድንጋይ ተነስቶ አበባ በሚተከልበት ቦታ ደፋሁት። ክረምቱን ሙሉ ዘነበበት። በጸደይ ጎመን ዘራሁበት፤ ግንቦት ላይ እስከ ጉልበቴ ደረሰ። አንድ ሳሕን ሠርቼ ወደ ታች ወረድኩ። ጎረቤቴ በሹካ አገላበጡት።

«ዶሮ?»

«ዶሮና አመድ።»

ጎረሱ። አላመጡ። ከዚያ ድንገት ሳቁ፤ የታመመ ጉልበታቸውን ይዘው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ሐምሌ ላይ ሌላኛው ጉልበታቸው ተራው ሆነ። ወደ ሮተርዳም በሄዱበት ጠዋት በሬን ስከፍት ሰማያዊው ገመድ ከነቁልፉ እጀታው ላይ ተንጠልጥሏል።

አምስቱ ባልዲ ግድግዳው ሥር ቆመዋል። ምሽቱ እንደ ልማዱ አልመሽም ብሏል፤ ነፋሱ ያንሾካሹካል። አጠጣሁ። በስድስተኛው ቀን የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ዝቅተኛው ወንበር ላይ፣ እጆቼን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው።