በመንገዳችን ላይ የተሠራው ቤት

በጣሊያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰሞኑን የልጅ ልጄ ከአስኮ ስትመለስ ያንን ቀይ የጡብ ቤት አይታ፣ «እማማ፣ ጣሊያን እንዴት ያለ ቤት ሠርቷል» ብትለኝ ነው ነገሩ የተነሣብኝ።

ቤቱ ያምራል፣ አልዋሽም። ጡቡ አንዴ በቁመቱ አንዴ በወርዱ እየተጋደመ የተደረደረ፣ ክዳኑ ሸክላ፣ መሐሉ ላይ ጋሪ የሚያሳልፍ ሰፊ ቅስት ያለው የእርሻ ቤት ነው። ግን ጣሊያኑ የገተረው ወደ ምንጭ በምንወርድበት መንገድ ላይ ነበር። ግራና ቀኙ ገደል ነው፤ በክረምት ጭቃው እንኳን እንስራ ያዘለውን ባዶ እጁን የሚሄደውንም ይጥላል። ስለዚህ በቅስቱ ሥር እናልፍ ነበር።

ቤቱ አልቆ የከብቶቹ ጋጣ ሲጀመር ቅስቱ ላይ የብረት በር አቆመበት። ለግንበኞቹ ውሃ የምናመላልሰው እኛው የሰፈር ሴቶች ነን። አንድ ጠዋት አስተርጓሚው በሩ ላይ ቆሞ፣

«ለሥራው የምትቀዱ እለፉ፤ ለየቤታችሁ የምትቀዱ ዙሩ» አለ።

አክስቴ በላይነሽ እንስራዋን አወረደች። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ስትቆጣ ድምፅዋ ይቀንሳል።

«በሩ ውሃውን በምን ይለየዋል፣ ወንድሜ?»

«ሴትዮ፣ ቤቱ የጌታው ነው።»

«ቤታቸውን ማን ነካባቸው። መንገዴ ላይ መጥተው የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። እንዲህ አለች በላቸው።»

«ያስገርፉሻል።»

«ጀርባዬ እንስራ የለመደ ነው» አለችና በሩ ሥር ተቀመጠች።

እኛም እንስራችንን እያወረድን አጠገቧ ተቀመጥን። እሷ ከመቀነቷ የሽምብራ ቆሎ ፈትታ፣ «ብዪ፣ ዛሬ ሥራ የለም» አለችኝ።

ዝናቡ ያባራበት ቀን ነበር። ጡብ ደግሞ ውሃ ካልጠጣ ኖራው አይዘውም። የቦካው ኖራ እየደረቀ ሲሄድ ግንበኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ጣሊያኑ አለንጋውን ይዞ መጣ። የነጣውን ኖራ አየ፣ እኛን አየ። አክስቴ ቀና ብላ አየችው እንጂ አልተነሣችም። አለንጋውን ግድግዳው ላይ አጮኸና ሄደ። ቆይቶ አስተርጓሚው በሩን ከፈተ። የመጀመሪያውን ውሃ የወሰድነው ወደየቤታችን ነው።

ለልጅ ልጄም፣ «ጣሊያን ሠራው አትበይ፤ ያን ጡብ ያጠጣነው እኛ ነን» አልኳት።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ቤቱን አንድ የኛው ሰው ያዘውና በሩን መልሶ ዘጋ። አክስቴ በማግስቱ እንስራዋን አዝላ ሄዳ እዚያው ቦታ ተቀመጠች።