የእናቴ ወንድም ልብ

ደረቴ ላይ የሚለጥፉብኝ ክብ ክብ ማጣበቂያ ሲላጥ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ያስደነግጠኛል። በየዓመቱ ልቤን እመረመራለሁ። የልቤ ምት የተሳለበት ወረቀት ከመሣሪያው እየተንሸራተተ ሲወጣ፣ ያን የበጋ ጠዋት ከእናቴና ከወንድሜ ጋር የተቀመጥሁባት የቤርሼባ ሆስፒታል ጠባብ ክፍል ትመጣብኛለች። አልኮል አልኮል ትሸት ነበር።

ወንድሜ የእስራኤልን ጦር፣ ጻቫን፣ ሊቀላቀል ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ምኞቱ ተዋጊ ወታደር መሆን ነው። ግን ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ያለውን የቤታችንን ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ግድግዳ ይደገፋል። ኤመቅ ሳራ ፋብሪካ ውሎ የሚመጣው አባቴ «ስንፍና ነው» እያለ አልፎት ይወጣ ነበር። ለወታደርነት ሲመረመር የልቡን ምት በወረቀት አነሱት፤ ሐኪሙ አንዴ አየውና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላከው።

የሆስፒታሏ ሐኪም ወረቀቱን ዘርግታ መስመሮቹን በእስክሪብቶ ጫፍ ተከተለቻቸው። እናቴ ዕብራይስጥ ስለማትችል የምተረጉመው እኔ ነበርሁ።

«መስመሮቹ ከልክ በላይ ረጃጅም ናቸው። ልቡ ወፍሯል፤ መወገድ የነበረበት ነገር እየተጠራቀመበት ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ከእናት ይወረሳል። በእናቱ ወገን በድንገት የሞተ ወጣት አለ?»

«ከእናት» የሚለውን እንዴት ብዬ ልንገራት? «በዘር የሚመጣ ነው አለች፣ ኢማ» ብዬ ለእናቴ ነገርኋትና ጥያቄውን አስከተልሁ።

እናቴ ወንድሜን ትክ ብላ አየችው።

«ከኔ ነው?»

ሁልጊዜ በዕብራይስጥ የሚመልስላት ወንድሜ በአማርኛ «ምንም አይደል፣ ኢማ» አላት።

ወንድም እንደነበራት፣ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲመጡ ውሃ ጥም እንደገደለው እናውቅ ነበር። የማናውቀውን የነገረችን ያን ጊዜ ነው። ከመውደቁ በፊት የቀረችውን ውሃ ለእሷ ሰጥቷት ነበር።

«እኔ ጠጣሁበት» አለች። «ገደልሁት ብዬ ነው የኖርሁት። ጠይቂልኝ ልጄ፣ ልቡ ይሆን እንዴ የገደለው?»

ጠየቅሁላት። ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ የእናቴን እጅ ያዘች።

«እሱን ሳልመረምር እርግጠኛ መሆን አልችልም። ግን እንደ ልጅዎ ያለ ልብ ከነበረው፣ ውሃውን ጠጥቶም ሊሞት ይችል ነበር።»

አንድም ቃል ሳላስቀር ተረጎምሁላት። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። ለወንድሟ ይሁን ለልጇ፣ አላወቅሁም።

ወንድሜ ጻቫ ሳይገባ ቀረ። ልቡ ምት ሲስት የሚመልስለት መሣሪያ ደረቱ ውስጥ ተቀበረለት፤ ከዓመታት በኋላም የሌላ ሰው ልብ ተተካለት። አሁን ለሃቪም በምትባል ከተማ ሴት ልጆቹን ያሳድጋል። የእኔ ወረቀት እስካሁን ደህና ነው። እናቴን ግን ያው በሽታ ዘግይቶ መጣባት። የመጨረሻዋ ሰሞን ከአልጋዋ አጠገብ የማይጠፋውን ወንድሜን በወንድሟ ስም ትጠራው ጀመር።

እሱም አላረማትም። «አቤት» ይላት ነበር።