ጠረጴዛው ያለቀባት ተማሪ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ርዕሰ መምህሩ አቶ ዘገየ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። አልሰጡኝም። "ቁልፉ የሚያድረው እኔ ዘንድ ነው" አሉ። "ስታስተምሪ ትወስጃለሽ፣ ስትጨርሺ ትመልሻለሽ። አንድ ነገር ቢሰበር የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።" አቧራ እንዳይገባ በሩ ላይ ጫማዬን አስወለቁኝ። ሃያ ኮምፒውተር ሰማያዊ ጨርቅ ለብሶ ተደርድሯል። የሚሠራው አሥሩ ነበር።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ከዳባት ጎንደር መጥቼ አንደኛ ክፍል ስገባ አሥራ ሦስት ሞልቶኝ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛን በማታ ጨረስኩ። ኮሌጅ አንድ ኮምፒውተር ለአራት ነበርን። ከሁሉም ትልቋ እኔ ስለነበርኩ አፍሬ ከኋላ ቆሜ አይ ነበር። ማውስ በእጄ የያዝኩት ፒያሳ ካለ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ነው፣ ማንም በማያውቀኝ ቦታ። ይህን የምጽፈው ሰበብ ለመደርደር አይደለም። ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ስለሆንኩ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሰጡኝ፣ ስድሳ ተማሪ። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን አንድ ለአምስት አደራጅቷቸዋል፤ አንድ ጎበዝ መሪ፣ አምስት ተከታይ። አሥር ቡድን፣ አሥር ኮምፒውተር። ሥራው ተሠርቶ የጠበቀኝ መሰለኝ። መሪው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አምስቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። "ማውሱን የሚይዘው መሪው ብቻ ነው" አልኩ። ትእዛዙ የአቶ ዘገየ ነበር። ድምፁ ግን የእኔ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ በር ላይ ጫማ ሲያወልቁ አንድ የቄስ ልጅ፣ "ቲቸር፣ ጫማውንስ አወለቅን፤ ታቦቱ የታል?" አለ። ተሳቀ። ሰሚራ የምትባል ልጅ ከኋላው ሆና መለሰችለት፤ "እኛም መስጊድ እናወልቃለን። ግን ገብተን እንሰግዳለን እንጂ ቆመን አናይም።"

ሁለቱንም በር ላይ አስቀረኋቸው። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ በካልሲ ሲሚንቶው ላይ ቆሙ። በዚያ ዓመት ከተነገረኝ ሁሉ ትክክለኛው የሰሚራ ቃል ነበር፤ እኔም ቀጣሁበት።

ክፍሌ ጸጥ ያለ ነበር። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ አቶ ዘገየ በቀጥታ ወደ እኔ ያመጡታል። "ይኸውልህ፣ የዝንብ ድምፅ አትሰማም" ይሉታል። እኔም በማስመሪያዬ መዳፌን መታ መታ እያደረግሁ በወንበሮቹ መሃል እመላለሳለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ማፈሪያ!

የሰሚራ ቡድን መሪ ናሆም ነበር። አንድ ቀን ሰሚራ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ እኔም ልሞክር?" አለችኝ።

"መሪሽ ሲሠራ ተመልከቺ።"

ናሆም ዞር ብሎ፣ "ታበላሺዋለሽ፤ ከዚያ የምጠየቀው እኔ ነኝ" አላት። ክፉ ልጅ አልነበረም። አቶ ዘገየ ለእኔ ያሉትን እኔ ለእሱ ብዬዋለሁ፤ እሱ ለእሷ አቀበላት።

ሰሚራ ሌላ ዘዴ ፈጠረች። የኪቦርዱን ፊደላት በደብተሯ የጀርባ ሽፋን ላይ በእርሳስ ሥላ ጣቶቿን እዚያ ላይ ታለማምዳለች። አይቼ አመሰገንኳት። ለክፍሉም አሳየሁላት፤ "ትጋት ማለት ይህ ነው!" ብዬ። ከፊቷ እውነተኛው ኪቦርድ ተቀምጦ ልጅቷ በካርቶን ስትማር የእኔ መልስ ጭብጨባ ነበር።

ፈተናው በወረቀት ነው። ማውስ የግብዓት ነው ወይስ የውጤት መሣሪያ? ሰሚራ ዘጠና ስምንት አመጣች። ናሆም ሰማንያ አንድ።

በዓመቱ እነዚያኑ ልጆች ይዤ አሥረኛ ክፍል ተሻገርኩ። በአሥረኛ ክፍል መጨረሻ ላይ የክረምት የኮምፒውተር ሥልጠና መጣ፤ ከየትምህርት ቤቱ በተግባር ፈተና የሚያልፍ አንድ ተማሪ ይወሰዳል። ሰሚራ ሌላ ወሬ አልነበራትም። አባቷ ፒያሳ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ "ካለፍሽ ሱቅ መያዙ ይቀርልሻል፣ ከአሥራ ሁለተኛ በኋላም ትምህርትሽን ትቀጥያለሽ" ብለዋታል። ስሟን ያለ ምንም ጥርጣሬ ጽፌ ሰጠሁ።

ፈታኙ ወጣት ነው። "ይህን ፋይል ጎትተሽ እዚያ ፎልደር ውስጥ ክተቺ" አላት። ሰሚራ ማውሱን ያዘች። ወደ ቀኝ ገፋችው፣ ገፋችው፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረሰች። ቀስቱ ስክሪኑ መሃል ላይ ቆመ። የእሷም እጅ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ቲቸር፣ ጠረጴዛው አለቀ።"

ማውስን አንድ ቀን በእጁ የያዘ ሰው ጠርዝ ሲደርስ አንስቶ መልሶ እንደሚያስቀምጠው ያውቃል። ማንም አይነግረውም፤ እጁ ያገኘዋል። የእሷ እጅ ሁለት ዓመት ከወገቧ በስተኋላ ነበር።

ፈታኙ ሳቀ። ከዚያ የማርክ ወረቀቷን አየ። "ዘጠና ስምንት ያገኘችው ይቺ ናት? ማነው ያረመው?"

ሰሚራ ተነሥታ ቆመች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች፣ እንዳስለመድኳት። የተወሰደው በተጠባባቂነት የተፈተነው ናሆም ነው።

አቶ ዘገየ ቢሮ ገባሁ። "ደንግጣ ነው" አሉኝ።

"አልደነገጠችም። ነክታ አታውቅም። ማንም ነክቶ አያውቅም፣ ከአሥሩ መሪዎች በስተቀር።"

"ሁለት ዓመት አንድ ዕቃ አልተሰበረብንም እኮ!" አሉ፣ በኩራት።

"ያልተሠራበት ምኑ ይሰበራል?" ዝምተኛ ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ድምፄ ኮሪደር ድረስ ተሰማ።

"ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ቢሮ ነው።"

በማግስቱ የሰሚራ አባት መጡ። አልጮሁም። "መምህርት፣ የእኔ ደንበኛ ጨርቁን በእጁ ሳይዳብስ አይገዛም" አሉኝ። "እርስዎ ዘጠና ስምንት ብለው ሲጽፉ ልጄ ምኑን ዳብሳ ነው?"

በአዲሱ ዓመት መሪዎቹን ሁሉ ሻርኩ። እያንዳንዱ ተማሪ አምስት ደቂቃ፣ በግድግዳ ሰዓት። የሚጀምረው በማርክ መጨረሻ የወጣው ነው። የሚያውቀው ልጅ በአፉ ብቻ ይናገራል፤ እጁ ከጭኑ ሥር። ክፍሌ እንደ ቅዳሜ ገበያ ጮኸ። በወሩ ሁለት ማውስ ተበላሸ። አቶ ዘገየ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፣ ግልባጭ ለግል ማኅደሬ። ደብዳቤው አሁንም አለኝ። ለሁለት ማውስ ማኅተም ተመትቷል። ለአንዲት ልጅ ማንም አንድ መስመር አልጻፈም።

ሰሚራን በምሳ ሰዓት እየመጣሽ ተለማመጂ አልኳት። አንድ ቀን መጣች። በሁለተኛው "ይቅርብኝ፣ ቲቸር" አለች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ሱቁን ያዘች።

አሁንም አንዳንዴ ሱቋ እገባለሁ። ቲቸር ብላ ብድግ ትላለች። ስለዚያ ቀን አንሥታብኝ አታውቅም፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ጨርቅ ስጠይቃት ጣቃውን ትዘረጋና ዋጋ ከመናገሯ በፊት ጫፉን እጄ ላይ ታደርገዋለች።

ለአዲስ የኮምፒውተር መምህራን የምለው ይህን ነው። ማርክ ከመስጠታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ተማሪ እጅ ማውሱ ላይ እዩ። ያላያችሁትን አትጻፉ።