ያላበደው ውሻ

ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ ዳር ባለች የእንስሳት ክሊኒክ ነው። ከጅማ ሁለት ቀን ተጉዤ የመጣሁ ረዳት ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊያችን፣ ዶክተር የምንላቸው፣ ነጭ ጋዋንና ጓንት ሰጡኝና፣ «በሬ ቢረግጥሽ ትድኛለሽ፤ ውሻ ሲመጣ ግን መጀመሪያ እጅሽን ሰብስቢ» አሉኝ። ሳቅሁ። ውሻ የሚያመጣ ሰው እምብዛም አልነበረም።

በአራተኛው ዓመቴ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ውሻቸውን በባጃጅ ይዘው መጡ። ዶክተር ለክትባት ገጠር ወጥተዋል፤ ያለሁት እኔ ነኝ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ዶክተሬ። አጥንት ተሰክቶበታል፤ አውጪልኝ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ዶክተር እንኳ አይደለሁም አባባ።»

«ነጭ የለበሰ ሁሉ ለእኔ ዶክተር ነው።»

የውሻው የታች መንጋጋ ተንጠልጥሏል፤ ለሐጩ ይዝረበረባል። ጠባዩ ተለውጦ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ሰው የማያስቀርብ አውሬ ነበር። ከትናንት ወዲያ ጎተራ ሥር ገብቶ ዝም አለ። ድምፁም ጎረነነ።»

«የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል።»

«ወላሂ አላበደም! ማንን ነከሰ? ይሄ እኮ ከእኔ የበለጠ ጨዋ ሆኗል።»

የበሽታው ስም ነው ጉዱ። እብድ ስለተባለ ሰው የሚጠብቀው ሩጫና ንክሻ ነው። ዝም የሚለው፣ ጨለማ የሚፈልገው፣ መዋጥ የሚያቅተውም ያው በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል።

«እጅዎን አፉ ውስጥ ከተዋል?»

«እስከ ጉሮሮው! አጥንቱን ግን አጣሁት።»

አውራ ጣታቸው ላይ ማጭድ የቆረጠው፣ ገና ያልጠገገ ቁስል አለ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሄደው ክትባት እንዲጀምሩ ነገርኳቸው።

«ሰባት ጊዜ ታጥቤያለሁ፣ አንዱን በአፈር። ነጃሳው ለቋል።»

በዲናችን የውሻ ለሐጭ የነካው እንዲህ ይታጠባል። በአባቴ ዕድሜ ካለ ሰው ጋር በዲን ነገር መከራከር አፈርኩ። «እሱስ ጥሩ አደረጉ» አልኩ። መታጠቡ ይጠቅማል፣ ክትባቱን ግን አይተካም ልላቸው ስል የዐስር አዛን ተሰማ። ውሻውን እኛው ጋ ትተው ወደ መስጊድ ሄዱ፤ ከዚያም አልተመለሱም። ስልካቸውን እንኳ ካርዱ ላይ አልጻፍኩም።

ውሻው በሁለተኛው ቀን ሞተ። ዶክተር ሲመለሱ ሬሳውን አይተው «ሰውየውስ?» አሉኝ። ክትባት እንዲጀምሩ በቀበሌያቸው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል መልእክት ላክን። የጋሽ ሰይድ መልስ መጣ፤ «ሐኪሟ ራሷ ጥሩ አደረጉ ብላኛለች።»

ራሴ መሄድ ነበረብኝ። ነገ እሄዳለሁ አልኩ። የበግ ክትባት ዘመቻ ላይ ነበርን፤ ሳምንት አለፈ። ደህና ቢሆኑ ነው ብዬ ተውኩት።

ከወር ተኩል በኋላ ሴት ልጃቸው እያለቀሰች መጣች። «አባዬ ውሃ ሲቀርብለት ጉሮሮው ይተናነቃል» አለች። ዶክተር ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ምልክቱ አንዴ ከወጣ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ለቅሶ ቤት ስደርስ ሚስታቸው እጄን ያዙ። «አንቺ ነሽ አይደል? ሲያመሰግንሽ ነበር» አሉኝ።

እዚህ አገር ይህን የማወራው ዘመድ የለኝም፤ ለእናቴም በስልክ የሚነገር አይደለም። ምሕረት እየለመንኩ ኢስቲግፋር አደርጋለሁ፤ አላህ መሓሪ ነው። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ዐውፍ ሊል ይገባል፤ ባለቤቱ ደግሞ የሉም።

ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ካያችሁ፣ ዝምም ቢል፣ አፉን አትንኩ። ለብቻው ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ። አፉን የነካ ሰው ካለ ደግሞ በምክር ብቻ አትሸኙት፤ ክትባቱን እስኪጀምር አብራችሁት ሂዱ።