ሦስት ለሁለት የረታችበት ቀን

ደብረ ታቦር ውስጥ ስለ ቪዲዮ ጌም የምንጽፈው ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና ጓደኛዬ። የጋራ የቴሌግራም ገጽ ነበረን። እኔ የምጽፈው ስለ ማሽኑ ነው፤ ምስሉ የት ላይ እንደሚንቀራፈፍ፣ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ። እሱ ከማን ጋር እንደተጫወተና ምን እንደተሰማው ይጽፋል። እኔ ሙሾ እለው ነበር። አንባቢው ግን የእሱን ይወድ ነበር፤ ይህም ያንገበግበኝ ነበር።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ታማ ስትተኛ ጌሙን አልጋዋ አጠገብ ገጠምኩላቸው። ጣቶቿ ስለሚንቀጠቀጡ የኳስ ጨዋታውን ሁልጊዜ ትሸነፋለች። በተሸነፈች ቁጥር የእሱ ፊት ይጠቁራል። አንድ ቀን መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ ጠራችኝ።

«ወንድምዓለም፣ ጌሙ አንድ ጊዜ እንኳ እንድረታው የሚያደርግ ነገር የለውም? ተሽሏታል ብሎ ትንሽ ይረፍልኝ።»

ነበረው። ማሽኑ እንዲያግዛት አድርጌ አስተካከልኩላት፤ የትኛውንም ቁልፍ ብትነካ ኳሷ ወደ ግብ ትሄዳለች። ለማንም እንዳልናገር በማርያም ስም አስማለችኝ፤ ማልኩላት። ያን ቀን ሦስት ለሁለት ረታችው። እሱ በደስታ ግቢው ድረስ ወጥቶ ጮኸ። በሳምንቱ ሞተች።

ለአርባዋ ስለዚያ ጨዋታ ጻፈ። እጇ ተመልሶላት እንደነበር፣ አሁን የሚያጽናናው ያ ቀን ብቻ እንደሆነ። ከእብናት የመጡት ዘመዶቿ ዳሱ ውስጥ ስልክ እየተቀባበሉ አነበቡትና አለቀሱ። እኔም የተዝካሩን ጠላ እየጠጣሁ አነበብኩት። የያዘኝ ሐዘን አልነበረም፤ ቅናት ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ ገጻችን ላይ ጻፍኩ፦ ይህ ጌም ደካማ ተጫዋችን የሚያግዝ ማስተካከያ አለው፤ እንዲህ ተደርጎ ይከፈታል፤ ሦስቱንም ግቦች ያገባው ማሽኑ ነው።

ጓደኛዬ እንግዳ እያስታጠበ ነበር። ስልኩን አይቶ ማስታጠቢያውን አስቀመጠና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«እሷ ታውቅ ነበር?»

አታውቅም ማለት እችል ነበር።

«እሷ ናት የለመነችኝ» አልኩት። ያኔም ያሳሰበኝ ትክክል መሆኔን ማሳየት ነበር።

ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ያን ቀን እኔ ውጭ ወጥቼ ስጮህ፣ እሷ እየሞተች ነበር ማለት ነው።»

ተነሥቶ የቀሩትን እንግዶች አስታጠበ። ሲጨርስ የራሱን ጽሑፍ አጠፋው። የእኔ አሁንም ገጹ ላይ አለ፤ ምንም ስሕተት የለበትም።